መጋረጃው ከመመረጡ በፊት መስኮቱ ወዴት ያያል?

እህቴ፣ እንኳን ለአዲሱ ቤት አበቃሽ።

ሌሎችም እንዲከታተሉን ጥያቄሽን ባጭሩ ልድገመው። ጎንደር፣ ማራኪ በሚባለው ሰፈር ቤት ተከራይተሻል። ሳሎኑ ሁለት መስኮት አለው፤ አንዱ በመንገዱ በኩል ወደ ምዕራብ፣ ሌላው በግቢው በኩል ወደ ሰሜን ያያል። ግድግዳው ክሬም፣ ሶፋው ጥቁር ቡኒ ነው። አንቺ ጥቁር ወይም ጠቆር ያለ ግራጫ መጋረጃ አምሮሻል። እናትሽ «ለቅሶ ቤት ልታስመስይው ነው?» ብለው ተቆጥተዋል። ጓደኛሽ ደግሞ ቤዥ ከሰቀልሽ ወዲያው ይቆሽሻል ብላ አስፈራርታሻለች።

እኔ እዚሁ ጎንደር መጋረጃ እየሰፋሁ ነው የምተዳደረው። ደንበኞቼ ሲመጡ ስልካቸውን አውጥተው ፎቶ ያሳዩኛል። ፎቶው ላይ ያለው ሳሎን ሰፊ ነው፣ ኮርኒሱ ሩቅ ነው፣ መስኮቱ የግድግዳውን ግማሽ ያክላል። እኔ ግን ከፎቶው በፊት አንድ ነገር እጠይቃለሁ፦ መስኮትሽ ወዴት ያያል? አንቺ ሳልጠይቅሽ ነግረሽኛል፤ ተባረኪ።

የምዕራቡ መስኮት ነው ዋናው ጉዳይሽ። ጎንደር ከ2,100 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። በዚህ ከፍታ ፀሐይ ጨርቅ ትበላለች። በተለይ ከጥቅምት ጀምሮ ሰማዩ ጥርት ሲል፣ ከሰዓት በኋላ የምትገባው ፀሐይ በቀጥታ መጋረጃው ላይ ነው የምታርፈው። ጥቁር ጨርቅ ደግሞ ሲለቅ እኩል አይለቅም። ሽንሽኑ ወደ ውጭ የወጣበት ቦታ ቀድሞ ይቀላል፣ ወደ ውስጥ የገባው ጥቁር እንደሆነ ይቀራል። ያኔ ዥንጉርጉር መጋረጃ ኖረሽ ማለት ነው። አዘዞ ያለች አንዲት ደንበኛዬ ጥቁር ያለ ገበር አሰፍታ ወሰደች። መክሬያት ነበር፤ ገንዘብ ለመቆጠብ ብላ እንቢ አለች። ሌላ በጋ ሳይደርስ ጠርዙ ወይን ጠጅ መሰለ።

ስለዚህ ጠቆር ያለ ከፈለግሽ ገበር የግድ ነው። ነጭ ወይም ክሬም ገበር በመስታወቱ በኩል ይሁን። ፀሐዩን እሱ ይመልሰዋል። ጥቁር ጨርቅ የሚስበውን ሙቀትም ይቀንስልሻል። ከውጭ ሲታይም ሁለቱም መስኮት አንድ ዓይነት ነጭ ሆኖ ያምራል። በዚያ ላይ ማታ ብርድ ሲሆን ባለ ገበር መጋረጃ ሲዘጋ ሳሎኑ ሞቅ ይላል፤ የኅዳርና የታኅሣሥን ማታ ታውቂዋለሽ።

የሰሜኑ መስኮት ሌላ ነው። ፀሐይ በቀጥታ የምታገኘው በዋናነት ከግንቦት እስከ ሐምሌ ነው፤ ያኔም ብዙውን ጊዜ ደመና ይሸፍናታል። እዚያ ቀለም ይለቃል ብለሽ አትስጊ። ስጋቱ ጨለማው ነው። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ሰማዩ ቀኑን ሙሉ ከብዶ ይውላል፣ መብራት ይሄዳል፣ ከመስኮቱ ሌላ ብርሃን የለሽም። እዚያ ስሱ መጋረጃ ብቻ ይዋል። ጠቆር ያለው በጎንና በጎኑ ጠበብ ብሎ ለጌጥ ይንጠልጠል። ጨርቁ ግን የምዕራቡ ዓይነት ይሁን፤ ትንሽ ሳሎን ውስጥ ሁለት ዓይነት መጋረጃ ቤቱን ለሁለት ይከፍለዋል።

አሁን ወደ እናትሽ። እኔ ከእሳቸው ጋር ነኝ፤ ምክንያቴ ግን ለቅሶው ብቻ አይደለም። ሶፋሽ ጥቁር ቡኒ ነው። ምናልባት ቡፌና ምንጣፍም ይኖርሻል፤ እነሱም ጠቆር ይላሉ። በዚያ ላይ ድፍን ጥቁር ስትጨምሪ ክሬሙ ግድግዳ ብቻውን ይቀራል። ደግሞ እናት ቤትሽ በመጣች ቁጥር ፊቷ የሚጠቁርበት መጋረጃ ምን ያደርግልሻል? የቡና ቀለም፣ የከሰል ግራጫ ወይም ጥቁር አረንጓዴ ውሰጂ። ሦስቱም የምትፈልጊውን ክብደት ይሰጡሻል፣ ማንም ሐዘን አይላቸውም። ለአንቺ ቤት እኔ የምመርጠው የከሰል ግራጫውን ነው። ከቡኒ ሶፋ ጋር የቡና ቀለም ከደገምሽ ሁሉም ነገር ይመሳሰልና ይደብራል።

ጠቆር ያለ ነገር እንዲያምር ቀለል ያለ ነገር አጠገቡ ይፈልጋል። የፋሲልን ግንብ ስታልፊ መስኮቶቹን ልብ ብለሽ እይ። ግድግዳው ጠቆር ያለ ድንጋይ ነው፣ በቅስቶቹ ዙሪያ ግን ቀላ ያለ ድንጋይ ገብቶበታል። አንቺ ጋም ቤዡ ወይም ክሬሙ ስስ መጋረጃ ያንን ሥራ ይሥራ፦ መሃሉ ነጣ ያለ፣ ጎንና ጎኑ የከሰል ግራጫ። ግራጫውን ደግሞ በአንድ ሁለት የሶፋ ትራስ ድገሚው። በዚሁ ይብቃሽ፤ አርቲፊሻል አበባውም፣ ከላይ የሚንጠለጠለው ጌጥም አያስፈልግሽም። ያ ከላይ የሚሰፋው ጌጥ አቧራ ከመሰብሰብ ሌላ ምን እንደሚሠራ እስካሁን አልገባኝም፤ ካዘዙኝ ግን እሰፋለሁ።

የጓደኛሽ ነገር ግማሹ እውነት ነው። ነጣ ያለ ጨርቅ ጭስና የእጅ አሻራ ያሳያል። አቧራን በተመለከተ ግን ተገላቢጦሽ ነው። የበጋችን አቧራ ፈዘዝ ያለ ቡኒ ነው፤ ጥቁር ላይ እንደ ዱቄት ፍንትው ብሎ ይታያል። ቤዥና ግራጫማ ቡኒ ላይ ግን አይታወቅም። በመንገዱ በኩል መስኮት ያለው ሰው ይህን ማሰብ አለበት። ሸካራ ሽመና ያለው ጨርቅም ከልሙጡ የበለጠ ይደብቃል።

ከፋይ የሚባለውን ጨርቅ (ቬልቬት) ግን አትግዢ። ሱቅ ውስጥ ሲያዩት ልብ ይሰርቃል፣ አውቃለሁ። እኛ ግን ሳሎን ውስጥ ቡና እናፈላለን፣ ዕጣን እናጨሳለን፣ ወጡም ከኩሽና ይሸታል። ከፋይ ይህን ሁሉ ይዞ ያስቀራል። አጥቦ ማድረቁም ፈተና ነው። ለጥምቀት እንግዳ ከየአገሩ ሲጎርፍ መጋረጃ ማጠብ የማይቀር ነው፤ በቶሎ የሚደርቅ ፖሊስተር ወይም ድብልቅ ጨርቅ ይሻልሻል። ጥጥ ከወደድሽ ሳይሰፋ በፊት ይታጠብ፤ አለዚያ ከተሰፋ በኋላ ያጥራል።

ጨርቅ ለመግዛት አራዳ ስትወጪ ዛሬውኑ ቁረጥልኝ አትበይ። ቁራጭ ናሙና ለምኚ። የሚከለክልሽ ካለ ሌላ ሱቅ ግቢ። ቁራጩን የምዕራቡ መስኮት አጠገብ ለጥፊና ጠዋት፣ አሥር ሰዓት ላይ፣ ከዚያ ማታ በአምፖል እይው። ነጭ አምፖል ግራጫን ሰማያዊ ያስመስለዋል። ቢጫ አምፖል ደግሞ ቤዡን ይበልጥ ቢጫ ያስመስለዋል። ሱቅ ውስጥ ያየሽው ቀለምና ቤት የሚሆነው ቀለም ብዙ ጊዜ አይገናኙም።

ልኩ ላይ ሰው የሚሳሳተው ጨርቅ በመቆጠብ ነው። የተወጠረ ጥቁር መጋረጃ ብርድ ልብስ የተሰቀለ ይመስላል። ዘንጉ ከመስኮቱ በግራም በቀኝም 20 ሳንቲ ሜትር ይለፍ፤ ወፍራሙ ሲሰበሰብ ግድግዳ ላይ እንጂ መስታወት ላይ አይቁም። ከፍታውም ወደ ኮርኒሱ ይጠጋ፤ ሳሎኑ ከፍ ያለ ይመስላል። ዘንጉ 2 ሜትር ከሆነ ስሱ ከ4 እስከ 5 ሜትር፣ የሚዘጋው ወፍራም ደግሞ 4 ሜትር ገደማ ይፈልጋል። ይህ 2.80 ሜትር ቁመት ላለው ጥቅል ነው፤ ጠባብ ጥቅል ከሆነ ሒሳቡ ይለያል። ታችኛው ጠርዝ መሬት አይጥረግ፤ አንድ ሁለት ሳንቲ ሜትር ከፍ ይበል።

ተከራይ ስለሆንሽ ደግሞ ሁለት ነገር። ግድግዳ ከመበሳትሽ በፊት አከራይሽን ጠይቂ፤ ብሎኬት ከሆነም ጥሩ ፊሸር (ብሎኑን የሚይዘው ፕላስቲክ) ይግባበት፣ ባለ ገበር መጋረጃ ይከብዳል። መጋረጃውን የሚሰፋልሽን ሰው ደግሞ ከታች ያለውን እጥፋት 15 ሳንቲ ሜትር እንዲተውልሽ ንገሪው። ነገ ኮርኒሱ ከፍ ያለ ቤት ብትገቢ ፈትተሽ ታስረዝሚዋለሽ። መስኮትሽ ወደ ውስጥ የሚከፈት ከሆነም ዘንጉ ከግድግዳው ራቅ ይበል፤ አለዚያ መስኮቱ በተከፈተ ቁጥር ስሱን ይቀድደዋል።

ወደ መኝታ ቤት የሚያስገባው በር ላይ የምትሰቅይውን አልጠየቅሽም። እዚያ ቤዡን ብቻ አድርጊ፣ ግራጫው አይድረስበት።

የሁለቱን መስኮት ልክ እዚሁ ከጻፍሽልኝ ስንት ሜትር እንደሚበቃሽ አሰላልሻለሁ። ስትለኪ ግን መስታወቱን ሳይሆን ዘንጉ የሚያርፍበትን ቦታ ለኪ።