መልስ፦ የሒሳብ ሠራተኛ ሆኜ የዳታ ማኔጅመንትና ቢዝነስ ኢንተለጀንስ ማስተርስ ይከብደኛል?

ሰላም እህቴ። ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ ሒሳብ እየሠራሽ፣ ኮምፒውተር ሳይንስ ሳትማሪ ይህን መረጃ አደራጅቶ ለንግድ ውሳኔ የማዋል ትምህርት ትችዪው እንደሆነ ነው የጠየቅሽው። ትችያለሽ። ሌጀር አገላብጦ የሚያውቅ ሰው ሰንጠረዥ አያስፈራውም።

ከመመዝገብሽ በፊት ግን ኤስኪውኤል (SQL፣ ከዳታቤዝ መረጃ የሚጠየቅበት ቋንቋ) ጀምሪ። መለማመጃ የሚሆንሽ ፖስትግሬስ የተባለው የዳታቤዝ ፕሮግራም በነጻ ይጫናል። ጆይን (ሰንጠረዦችን ማገናኘት) እና ግሩፕ ባይ (በየምድቡ ማጠቃለል) በደንብ እስኪገቡሽ ሌላው ይቆይ። ዳሽቦርድ፣ ማለትም ቁጥሮቹ በሥዕል የሚታዩበት ገጽ፣ ዓይን ይስባል፤ ሥራው ያለው ግን ከጀርባው ነው።

ዳታ ዌርሃውስ (ለትንተና የተደራጀ የዳታ ማከማቻ) ላይ ስትደርሺ የሽያጩ ሰንጠረዥ መሀል ይቀመጣል፤ የደንበኛ፣ የዕቃና የቀን ሰንጠረዦች ዙሪያውን ይከቡታል። ጉዱ ያለው ቀኑ ላይ ነው! ፓወር ቢአይ የተባለው የማይክሮሶፍት የሪፖርትና የዳሽቦርድ መሥሪያ በራሱ የሚሠራው የቀን ሰንጠረዥ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው፤ ጳጉሜን የምትባል ወር አያውቅም። የኛ ሐምሌ 1 ደግሞ ጁላይ 8 ላይ ይውላል። ስለዚህ የቀን ሰንጠረዡን ራስሽ ሠርተሽ፣ ከእያንዳንዱ ቀን ጎን የኛን ወርና ሐምሌ 1 የሚጀምረውን የበጀት ዓመት አስገቢ። አለዚያ የሐምሌ ሽያጭ ጁላይና ኦገስት ላይ ተበትኖ ከመዝገብሽ ጋር አልገጥም ይልሻል።

ለመመረቂያ ጽሑፍሽ የፋብሪካችሁን የስቶር ዳታ ካሰብሽ፣ የፈቃድ ደብዳቤውን ከወዲሁ ጠይቂ። እሱ ነው ሰው የሚያንገላታው።

ላፕቶፕ ልትገዢ ከሆነ ደግሞ ማክ ይቅርብሽ፤ ፓወር ቢአይ ዴስክቶፕ የተሠራው ለዊንዶውስ ነው።