በሽማግሌ ፊት ተፈራርመናል፤ ፍርድ ቤት መሄድ የግድ ነው?

ጥያቄ፦ ከባለቤቴ ጋር ከተጋባን 9 ዓመት ሆነን። የ7 እና የ4 ዓመት ልጆች አሉን። ያለ ጸብ ለመለያየት ተስማምተናል። በሽማግሌዎች ፊት አንድ ገጽ ወረቀት ጽፈን ሁለታችንም ፈረምን፤ ሦስት ምስክሮችም ፈረሙበት። ወረቀቱ ልጆቹ ከእኔ ጋር እንደሚሆኑና እኔም ቀለብ እንደማልጠይቅ ይላል። ኮንዶሚኒየም አለን፤ በእሱ ስም ነው፤ የባንክ ዕዳው ገና አላለቀም። ስለ ቤቱ የጻፍነው «ወደፊት በመስማማት እንጨርሳለን» ብለን ነው። እሱ በሁለት ወር ውስጥ ለሥራ ወደ ውጭ አገር ይሄዳል። ይህ ወረቀት አይበቃንም? ፍርድ ቤት መሄድ ካለብንስ ምን ያህል ጊዜ ይፈጃል? የተለያየንበትን ምክንያት ዳኛ ፊት ማውራት አልፈልግም። ከአዲስ አበባ።

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ አጭሩን ላስቀድም። ወረቀቱ አይበቃም። በሕግ ዓይን ዛሬም ባልና ሚስት ናችሁ።

አዲስ አበባ ላይ የሚሠራው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992 ነው። አንቀጽ 117 ፍቺን የመወሰን ሥልጣን የፍርድ ቤት ብቻ እንደሆነ ይናገራል። «ሽማግሌ አፋታን» የሚለው አነጋገር እስከ ዛሬ የቆየው ከድሮው ሕግ የተነሣ ይመስለኛል። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ጊዜ የፍቺን ጉዳይ የሚያዩት ባልና ሚስቱ የሚመርጧቸው የቤተ ዘመድ ሽማግሌዎች ነበሩ። የሚገርመው፣ ያው ሕግ በስምምነት መፋታትን አይፈቅድም ነበር። የ1992ቱ ሕግ ሁለቱንም ገለበጠው። ስምምነቱን ፈቀደ፤ የመወሰኑን ሥልጣን ግን ከሽማግሌ ወስዶ ለዳኛ ሰጠ። ሽማግሌ ያስታርቃል፣ ያስማማል፣ ያደራድራል። አያፋታም።

«ተለያይተን እስከኖርን ድረስ ምን ቸገረን?» ሊሉ ይችላሉ። ባለቤትዎ ውጭ አገር ሄደው የሚያገኙት ደመወዝ ጋብቻው እስካልፈረሰ ድረስ የጋራ ሀብት ነው። እርስዎም እዚህ ሠርተው የሚገዙት ዕቃ እንደዚያው። ለትዳሩ ጥቅም የተገባ ዕዳ የጋራ ዕዳ ነው። ከሁለት አንዳችሁ ሌላ ትዳር ልመሥርት ብትሉ ደግሞ ነገሩ ወደ ወንጀል ሕጉ ይሄዳል። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት የሰበር ሰሚ ችሎት፣ የሥር ፍርድ ቤቶችን የሕግ ስሕተት የሚያርመው ማለት ነው፣ ባልና ሚስት ለረጅም ዓመታት ተለያይተው፣ የየራሳቸውን ኑሮ መሥርተው ሲገኙ ጋብቻው ፈርሷል ያለበት መዝገብ አለ። ግን በዚያ ተማምኖ መቀመጥ አያዋጣም። እንዲህ ያለው ነገር የሚወሰነው ከዓመታት በኋላ፣ በክርክር፣ ምስክር ተሰምቶ ነው። እናንተ ደግሞ ዛሬ የምትከራከሩበት ነገር የላችሁም።

ስለዚህ መንገዳችሁ በሕጉ ከአንቀጽ 76 እስከ 80 ያለው፣ በስምምነት የሚደረግ ፍቺ ነው። ሁለታችሁም የፈረማችሁበት ማመልከቻ ለፌዴራል መጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት የቤተሰብ ችሎት ይቀርባል። መዝገቡ ላይ ከሳሽና ተከሳሽ የለም፤ ሁለታችሁም አመልካቾች ናችሁ። ጋብቻው ከተፈጸመ ቢያንስ 6 ወር ያለፈው መሆን አለበት፤ የእናንተ 9 ዓመት ነውና ይህ አያሳስባችሁም። ከማመልከቻው ጋር የጋብቻ ማስረጃችሁን፣ የልጆቹን የልደት ምስክር ወረቀት፣ የቤቱንና የባንኩን ሰነድ፣ መታወቂያችሁንና ዋናውን የስምምነት ወረቀት ታያይዛላችሁ። የጋብቻ ምስክር ወረቀት ከሌላችሁም ጋብቻውን በሌላ ማስረጃ ማሳየት ይቻላል።

ምክንያት ማውራት አልፈልግም ላሉት፣ አይገደዱም። በስምምነት ለሚደረግ ፍቺ ሕጉ ምክንያት እንድትገልጹ አያስገድድም። ዳኛው ግን ያነጋግሯችኋል። አንድ ላይም፣ ለየብቻም ሊሆን ይችላል። «እስቲ እንደገና አስቡበት» ማለታቸውም አይቀርም፤ ይህ ሕጉ የሰጣቸው ሥራ ነው። እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጠው የትዳርዎን ታሪክ መዘርዘር የለብዎትም። «አስበንበታል፣ ተስማምተናል፣ ማንም አላስገደደንም» ይበቃል። በእርግጥ አስገድዶዎት ወይም አስፈራርቶዎት ያስፈረመዎት ሰው ካለ፣ ለብቻ ሲያነጋግሩዎት የሚናገሩበት ቦታም ያ ነው።

አሁን ወደ ወረቀታችሁ ልምጣ። የእኔ ሥጋት ያለው እዚህ ነው። ብዙ ሰው በስምምነት መፋታት ሲባል «ለመፋታት መስማማት» ብቻ ይመስለዋል። ሕጉ የሚለው ሌላ ነው። ለመፋታት የተስማማ ሰው በፍቺው ውጤትም ላይ መስማማት አለበት። ውጤት ማለት ልጅ፣ ቀለብ፣ ንብረት፣ ዕዳ ነው። ዳኛው ስምምነቱን የሚያጸድቁት በነጻ ፈቃዳችሁ የተደረገና ከሕግና ከሞራል ጋር የማይጋጭ መሆኑን ሲያምኑ ነው። ስምምነቱ የልጆቹን ደኅንነት በበቂ ሁኔታ ካልጠበቀ ወይም ከሁለት አንዳችሁን የሚጎዳ ከሆነ ደግሞ ፍቺውን ብቻ አጽድቀው የቀረውን ራሳቸው ሊያስተካክሉት ይችላሉ። ከአንድ ገጽ ወረቀታችሁ ውስጥ ሁለት ዐረፍተ ነገሮች እዚህ ላይ ይወድቃሉ።

የመጀመሪያው «ቀለብ አልጠይቅም» የሚለው ነው። ለምን እንደጻፉት ይገባኛል። ነገሩ በሰላም እንዲያልቅ ብለው ነው፤ ወይም ኩራት ይዞዎት ነው። ግን ቀለቡ የእርስዎ አይደለም። የልጆቹ ነው። የራስዎን ድርሻ መተው ይችላሉ፤ የ4 ዓመት ልጅን መብት ግን በእሱ ስም መተው አይችሉም። ዛሬ ቢጸድቅልዎ እንኳ ነገ ልጆቹ ሲቸገሩ ጥያቄው እንደገና መነሣቱ አይቀርም፤ ያኔ አባትየው ውጭ አገር ናቸው። ስለዚህ አሁኑኑ ይጻፉት። ሕጉ ከደመወዝ ይህን ያህል መቶኛ ብሎ የቆረጠው ነገር የለም። የሚታየው የልጁ ፍላጎትና የከፋዩ አቅም ነው። ወርሃዊውን መጠን በቁጥር፣ የሚከፈልበትን ቀን፣ የሚገባበትን የባንክ ሒሳብ ግለጹ። የትምህርት ቤት ክፍያና ሕክምና ከቀለቡ ውስጥ ነው ወይስ ለብቻው? ይህንንም ለዩት። የባለቤትዎ ገቢ ውጭ ሲሄዱ ስለሚቀየር «ሥራ በጀመሩ በዚህን ያህል ወር ውስጥ መጠኑ ይከለሳል» የሚል ሐረግ ብታስገቡ ጥሩ ነው።

ልጆቹ ከእርስዎ ጋር መሆናቸው አባታቸውን ከአባትነት አያወጣም። በምን በምን ቀን በስልክና በቪዲዮ እንደሚያገኟቸው፣ ለዕረፍት ሲመጡ ልጆቹ የት እንደሚያድሩ፣ ፓስፖርት ለማውጣትና ከአገር ለመውጣት የማን ፊርማ እንደሚያስፈልግ አስፍሩ። ይህ የመጨረሻው ተራ ነገር ይመስላል። አንዱ ወላጅ ውጭ አገር ሲሆን ግን መጀመሪያ የሚያጣላው እሱ ነው።

ሁለተኛው ዐረፍተ ነገር «ወደፊት በመስማማት እንጨርሳለን» የሚለው ነው። ይህ ስምምነት አይደለም፤ ገና ያልተደረገ ስምምነት ነው። በቢሮዬ ከሚያልፉ ወረቀቶች ውስጥ እንዲህ የሚሉትን ሳይ ብዙውን ጊዜ ከኋላቸው የንብረት ክስ ተከትሏቸው ይመጣል። ዛሬ በጨዋነት የሚያወሩ ሰዎች ከሦስት ዓመት በኋላ፣ የቤት ዋጋ ሲቀየር ወይም አንዱ አዲስ ትዳር ሲይዝ፣ በዚያው ጨዋነት ላይወያዩ ይችላሉ።

ቤቱ በባለቤትዎ ስም መሆኑ አያስደንግጥዎት። በጋብቻ ውስጥ የተገኘ ንብረት በአንዱ ስም ብቻ ቢመዘገብም የጋራ እንደሆነ ይገመታል፤ የግሌ ነው የሚለው ወገን ነው የማስረዳት ሸክም ያለበት። የጋራ ንብረት በመርሕ ደረጃ እኩል ይካፈላል፤ ተስማምታችሁ ግን በሌላ መንገድ ልታደርጉት ትችላላችሁ። ቤቱ የደረሳቸው ከጋብቻው በፊት ሆኖ ክፍያው በጋብቻ ውስጥ የቀጠለ ከሆነ ነገሩ አከራካሪ ስለሚሆን፣ ይህን በደብዳቤዎ ስላልገለጹልኝ፣ ስምምነቱ ላይ በግልጽ ፍቱት። መንገዶቹ ያን ያህል ብዙ አይደሉም። ወይ ተሸጦ ገንዘቡ ይካፈላል፤ ወይ አንዳችሁ ወስዳችሁ ለሌላው ድርሻውን ትከፍላላችሁ፤ ወይ እስከዚህ ጊዜ ድረስ በጋራ ይቆያል። እርስዎ የሚያስቀሩት ከሆነ፣ ዐረፍተ ነገሩ ይህን ሊመስል ይችላል፦

«ቁጥሩ ከላይ የተገለጸው ቤት ለ1ኛ አመልካች ይሆናል። ቀሪውን የባንክ ዕዳ ከዚህ ቀን ጀምሮ የሚከፍሉት 1ኛ አመልካች ናቸው። ከቤቱ ግምት ላይ ቀሪው ዕዳ ተቀንሶ ከሚገኘው ግማሹን ለ2ኛ አመልካች እስከዚህ ቀን ድረስ ይከፍላሉ። 2ኛ አመልካች ስሙ እንዲዛወር አስፈላጊውን ፊርማ ሁሉ ይፈርማሉ።»

ግምቱ በብር ይጻፍ፤ «በወቅቱ ዋጋ» ብላችሁ አትለፉት። አንድ ነገር ግን ልብ ይበሉ። ባንኩ የእናንተ ስምምነት ተዋዋይ አይደለም። እናንተ ዕዳውን ለእርስዎ ብትሰጡትም ባንኩ የብድር ውሉን ከፈረሙለት ሰው መጠየቁን አይተውም። ስለዚህ ከመፈረማችሁ በፊት አብራችሁ ባንክ ሄዳችሁ የቀረውን ዕዳ የሚገልጽ ደብዳቤ አውጡ፤ ብድሩ ወደ እርስዎ ሊዞር እንደሚችልም ጠይቁ። አይዞርም ካሉ ከላይ ያለው ዐረፍተ ነገር መቀየር አለበት።

ከቤቱ ውጭ ያለውንም አትርሱ። የቁጠባ ሒሳብ፣ መኪና፣ ያልወጣ እቁብ፣ አክሲዮን፣ ከዘመድ የተበደራችሁት፣ ለሰው ያበደራችሁት። «ሌላ የሚከፋፈል ንብረትም ሆነ ዕዳ የለንም» የሚል መስመር ጨምሩ፤ እውነት ከሆነ ብቻ።

ጊዜውን በተመለከተ፣ ቁርጥ ያለ ቀን ልነግርዎ አልችልም፤ የችሎቱ ቀጠሮ ይወስነዋል። ሕጉ ዳኛው እንድታስቡበት የማሰላሰያ ጊዜ ሊሰጡ እንደሚችሉና ይህም ከ3 ወር እንደማይበልጥ ይናገራል። የባለቤትዎ ጉዞ ከሁለት ወር በኋላ ነው። ሒሳቡን እርስዎ ይሥሩት። ነገ ዛሬ ሳይባል ማመልከቻው በዚህ ሳምንት መግባት አለበት፤ የጉዞውንም ቀን ማስረጃ አያይዛችሁ ቀጠሮው እንዲቀርብ ጠይቁ። «እኔ ሄጄ ውክልና እልካለሁ» የሚለውን አይቀበሉ። ዳኛው ባልና ሚስቱን አነጋግረው በነጻ ፈቃዳቸው መሆኑን ማረጋገጥ ስላለባቸው፣ አንደኛው በሌለበት መዝገቡ ሊጓተት ይችላል። ውክልናው ለሌላ ነገር ይጠቅማል። ባለቤትዎ ከመሄዳቸው በፊት ለስም ዝውውሩና ለባንኩ ጉዳይ ለሚያምኑት ሰው የተለየ ውክልና በሰነዶች ማረጋገጫ ሰጥተው ይሂዱ።

መሀል ላይ አንዳችሁ ሐሳብ ብትቀይሩስ? ፍርድ ቤቱ እስካላጸደቀው ድረስ ይቻላል። ያኔ በስምምነት የተጀመረው መንገድ ይዘጋና መፋታት የሚፈልገው ወገን ብቻውን የፍቺ ጥያቄ ያቀርባል። መንገዱ ይረዝማል እንጂ አይቀርም።

ከጸደቀ በኋላ ስምምነቱ እንደ ፍርድ ይፈጸማል። ቀለቡ ቢቋረጥ አዲስ ክስ ሳይሆን የአፈጻጸም መዝገብ ይከፍታሉ። የልጆቹ ሁኔታ ሲለወጥ ስለ ልጆቹ የተባለውን እንዲሻሻል መጠየቅ ይቻላል። የንብረቱ ክፍፍል ግን እንዲህ በቀላሉ አይከፈትምና፣ ቤቱ ላይ ያለችው ዐረፍተ ነገር ላይ ጊዜ ወስዳችሁ ተነጋገሩባት።

የውሳኔውን ግልባጭ ሲይዙ በ30 ቀን ውስጥ ፍቺውን በወሳኝ ኩነት ምዝገባ አስመዝግበው የፍቺ ምስክር ወረቀት ይውሰዱ። ሁለት ሦስት ተጨማሪ ግልባጭ ያስመቱ፤ ባንክም፣ የቤት ምዝገባም ዋናውን ወይም የተረጋገጠ ግልባጭ ይጠይቃል። ሕጉ በሴቷ ላይ ብቻ የጣለው አንድ ገደብም አለ። ከፍቺው በኋላ 180 ቀን ሳይሞላ ሌላ ጋብቻ መፈጸም አይችሉም። እርጉዝ አለመሆንዎ በሐኪም ከተረጋገጠ፣ በመካከሉ ከወለዱ፣ ተመልሰው ከዚያው ባለቤትዎ ጋር ከተጋቡ ወይም ፍርድ ቤት ከፈቀደልዎ ገደቡ አይሠራም።

ይህን ከክልል ሆነው የሚያነቡ ካሉ፣ አማራ፣ ኦሮሚያ፣ ትግራይና ሌሎችም የየራሳቸው የቤተሰብ ሕግ አላቸው። የአንቀጽ ቁጥሩም፣ አንዳንዱ ዝርዝርም ይለያያልና የክልላችሁን ሕግ እዩ።

ለእርስዎ ግን ቅደም ተከተሉ ይኸው ነው፦ ሰኞ ባንክ፣ ማክሰኞ ከባለቤትዎ ጋር ተቀምጦ ወረቀቱን እንደገና መጻፍ፣ ከዚያ ፍርድ ቤት። አሮጌውንም ወረቀት አይቅደዱት። ሽማግሌዎቹ የመዘገቡት ሐሳብ፣ ልጆቹ ከእርስዎ ጋር ይሁኑ የሚለውን ጨምሮ፣ ለአዲሱ ጥሩ መነሻ ነው።