ኪኩ ሲመታ ሙዚቃው ሁሉ ለምን ይሰምጣል?

ጥያቄ፦ ሰላም ናችሁ፣ ቤዙ ከበድ ያለ ኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ነው የምሠራው፣ ሃርድዌር ኮምፕረሰር (ድምፅ ሲበረታ ዝቅ የሚያደርግ ዕቃ) ገዝቼ ሙሉውን ሚክስ (ሁሉም ድምፆች የተቀላቀሉበትን) ሳሳልፍበት ኪኩ (ወፍራሙ ከበሮ) በመታ ቁጥር ሲንቱም ሃይሃቱም አብሮ ዝቅ ይላል፣ ቤዙ ደግሞ ይሻክራል። ዕቃው ተበላሽቶ ይሆን?

መልስ፦ ኧረ ዕቃህ ደህና ነው! ኮምፕረሰሩን የሚቀሰቅሰው ጉልበት ያለው ድምፅ ነው፣ ጉልበቱ ያለው ደግሞ ታች ቤዙ ጋ ስለሆነ ኪኩ ሲመጣ ሁሉንም ይዞ ይወርዳል። ሳይድቼይኑ (ኮምፕረሰሩ መቼ እንደሚቀንስ ለመወሰን የሚያዳምጠው መስመር) ላይ ሃይፓስ ፊልተር (የታችኛውን ድምፅ የሚያስቀር ማጣሪያ) ካለው 100 ኸርዝ አካባቢ አድርገው፣ አትፍራ ቤዝህን አይቆርጥብህም፣ ኮምፕረሰሩ ለቤዙ ብዙም እንዳይደነግጥ ነው የሚያደርገው። የሻከረው ነገር ግን ከፍጥነቱ ነው የሚመጣው። የ50 ኸርዝ ቤዝ አንዷ ሞገድ 20 ሚሊሰከንድ ትፈጃለች፣ አታክና ሪሊዝህ (ኮምፕረሰሩ ድምፁን ለመቀነስና መልሶ ለመልቀቅ የሚፈጅበት ጊዜ) በጣም ከፈጠኑ ኮምፕረሰሩ ሞገዷን ራሷን እየተከተለ ያጣምማታል። አታኩን 30 ሚሊሰከንድ አድርግና ሪሊዙን ድምፁ ምን ያህል እንደቀነሰ የሚያሳየው መርፌ ከሚቀጥለው ኪክ በፊት ወደ ዜሮ እስኪመለስ አስተካክል፣ በ120 ቢፒኤም (በደቂቃ 120 ምት) ግማሽ ሰከንድ አለህ። ኮምፕረሰርህ 1176 የሚባለው ሞዴል ዓይነት ከሆነ ግን ቀርፋፋ የሚባለው አታኩ ራሱ ከ1 ሚሊሰከንድ በታች ነው፣ ቁልፉም የተገለበጠ ነው፣ ወደ ቀኝ ስታዞረው ይፈጥናል፣ እኔ ለሙሉ ሚክስ አልመርጠውም። መርፌው 2 ዲቢ (ዴሲቤል) ያህል ከወረደ በቃ፣ አትጨምር።