«ከማን ነው የምትሸሺው?» የድሬ ሴቶች ስለ ሩጫና ስለ ዳገት የጠየቁኝ

ቅዳሜ ጠዋት አብረውኝ የሚሮጡት ሴቶች አንድ ነገር ጀመሩ። ጥያቄ ያላት በወረቀት ትጻፍ፣ ስሟን ግን አትጻፍ ተባለ። ወሬው ከሴት ወደ ሴት ዞሮ ሐረር ደረሰ። በመጨረሻ አንድ ፌስታል ሙሉ ወረቀት መጣልኝ። ግማሹ ስለ ጫማ ነው። ሌላው ግማሽ ግን ስለ ሩጫ ለመጠየቅ ብቻ የተጻፈ አይመስልም።

ስለ እኔ ባጭሩ፦ 46 ዓመቴ ነው። ድሬዳዋ፣ ሳቢያን አካባቢ ስፖርት አስተምራለሁ። መሮጥ ከጀመርኩ ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ነው፤ አንድም ሜዳሊያ የለኝም። ሐኪም አይደለሁም። የማውቀውን እነግራችኋለሁ።

ሩጫ ስትጀምሪ ባልሽ ምን አለ?

ሳቀ። «ከማን ነው የምትሸሺው?» አለኝ። ለቀልድ ነው። እኔ ግን መልስ አጣሁ።

በ1998 ሐምሌ መጨረሻ፣ ደቻቱ በሌሊት ሲመጣ ቤታችን ወንዙ ዳር ነበር። ከ250 በላይ ሰው የሞተበት ጎርፍ ነው። ድሬ ያደገ ሰው አይረሳውም። እኛ ነፍሳችን ተረፈች። ቤቱ ሄደ። ቡና የምንጠራራቸው ጎረቤቶች ሄዱ። ከዚያ ወዲህ ዝናብ ቆርቆሮውን ሲመታው እንቅልፍ የለም። ተነስቼ እቀመጣለሁ። መቀመጡ ሲሰለቸኝ መራመድ ጀመርኩ። ጎህ ሲቀድ ወደ ደረቁ አሸዋ እወርዳለሁ። ያው ቤቴን የወሰደው አሸዋ ነው። አንድ ቀን ሳላስበው ሮጥኩ። ሁለት መቶ ሜትር ቢሆን ነው። ቁና ቁና እየተነፈስኩ ተመለስኩ። የዚያን ዕለት ማታ ተኛሁ፣ ከስንት ወር በኋላ።

ባሌ በሦስተኛው ወር ውሃ ይዞ መጠበቅ ጀመረ። እስከ ዛሬ ስመለስ «ዛሬስ ደረሰብሽ?» ይለኛል።

አንድ ማሳሰቢያ ግን አለ። አሸዋ ባትና ቁርጭምጭሚት ያጠነክራል፣ ጥሩ ነው። በክረምትና በበልግ ግን ወንዙ ውስጥ አትሩጡ። ድሬ ላይ ሰማዩ ጥርት ብሎ እያለ ጎርፉ ከደጋው ሊወርድ ይችላል። ከላይ የዘነበውን እናንተ አታዩትም።

በዚህ ሙቀት እንዴት ነው የሚሮጠው? አቦ ሰው ይሞታል!

ከጠዋቱ 12 ሰዓት በፊት ከወጣሽ አትሞቺም። ሰውነት ሙቀትን ይለምዳል፤ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ይወስድበታል። ላብሽ ቶሎ መውጣት ይጀምራል፤ ልብሽም እንደ መጀመሪያው አይመታም። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት ቀስ በይ፤ ግማሹን በእግር ሂጂ። ከአዲስ አበባ የመጣች እንግዳ ካለች ደግሞ በማግስቱ ይዘሻት አትውጪ።

ውሃን በተመለከተ ሁለት ስህተት አያለሁ። አንዷ ጭራሽ አትጠጣም። ሌላዋ ሁለት ሊትር ባንዴ ትገለብጣለች። ሁለተኛውም አደገኛ ነው፤ ውሃ ብቻ ሲበዛ በደም ውስጥ ያለው ጨው ይቀጥናል። ሲጠማሽ ጠጪ። ከአንድ ሰዓት በላይ ከሮጥሽ ጨውና ስኳር ጨምሪበት። ለተቅማጥ የምናውቀው የቤት ውስጥ ልክ ይሆናል፦ አንድ ሊትር ንጹህ ውሃ፣ ስድስት የሻይ ማንኪያ ስኳር፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው። ራስሽን ካዞረሽ፣ ከቀዘቀዘሽ ወይም ወሬሽ ከተምታታ ቁሚ። ጥላ ፈልጊ፤ ውሃ ያፍስሱብሽ። እዚያ ላይ ጀግንነት የለም።

ሁለት ልጅ ወልጃለሁ። ስሮጥ ሽንቴ ያመልጠኛል። ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ሩጫውን ልተወው?

እህቴ፣ ስንት ሴት በዚህ ምክንያት ሩጫ ትታ «ጉልበቴን አሞኝ» እንደምትል ብታውቂ! እኔም አንዷ ነበርኩ። ጥቁር ሱሪ የምለብሰው ለማማር አይደለም።

በእርግዝናና በምጥ ጊዜ ከታች ፊኛንና ማህፀንን የሚደግፈው ጡንቻ ይለጠጣል፣ ይላላል። እንደ ማንኛውም ጡንቻ ግን ይሠለጥናል። ሽንት ወይም ፈስ እንደምትይዢ አድርገሽ ወደ ላይ ሳቢው። እስከ አስር ቁጠሪና ልቀቂው። አስር ጊዜ ድገሚ፣ በቀን ሦስት ጊዜ። ቡና እየቆላሽም ይሠራል፤ ማንም አያውቅብሽም። ለውጡ በሳምንት አይመጣም፣ ወራት ይፈልጋል። ገና አራስ ከሆንሽ ደግሞ ቢያንስ ሦስት ወር ሩጫ የሚባል ነገር አታስቢ። በእግር መሄድ ይበቃል። በቀዶ ሕክምና የወለደች ደግሞ ሐኪሟን ሳትጠይቅ አትጀምር።

መሠረት ደፋር በ2002 ዓ.ም. ወለደች። በሁለት ዓመቷ ለንደን ላይ በ5,000 ሜትር የኦሎምፒክ ወርቅ ወሰደች። ጥሩነሽ ዲባባም ወልዳ ተመልሳ ሪዮ ላይ በ10,000 ሜትር ነሐስ አገኘች። እኔን ግን ከሁሉም በላይ የምትገርመኝ ጃስሚን ፓሪስ የምትባል እንግሊዛዊት ናት። እ.ኤ.አ. በ2019 ጥር ላይ 431 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚሆን የተራራ ውድድር ወንዶቹንም ሴቶቹንም ቀደመች። 83 ሰዓት ፈጀባት። ማረፊያ ጣቢያ ላይ ሌላው ሲያርፍ እሷ ለልጇ ጡቷን ታልብ ነበር። በ2024 ደግሞ ባርክሊ የተባለውን፣ እስከዚያ ድረስ ሴት ጨርሳው የማታውቀውን የአሜሪካ ውድድር ጨረሰች። የተፈቀደው 60 ሰዓት ሊያልቅ 99 ሰከንድ ሲቀረው። ፎቶዋን ያየ ያውቃል፤ መሬት ላይ ዘጭ ብላ ነው የቀረችው።

አሁን ቁም ነገሩን ስሚኝ። ሽንቱ በሩጫና በሳል ጊዜ ብቻ ሳይሆን ቀንም ሌትም ሳታውቂው የሚፈስ ከሆነ፣ በተለይ ከረዥም ምጥ በኋላ፣ ያ ሌላ ነገር ነው። ፊስቱላ ሊሆን ይችላል። ሐረር የሐምሊን ፊስቱላ ሆስፒታል አለ። ሕክምናው በነጻ ነው። እዚያ ለመሄድ ማንንም አታፍሪ። ጎረቤትሽ ውስጥ እንዲህ ሆና ቤት የዘጋች ሴት ካለችም ንገሪያት።

ጫት ቅሜ ስሮጥ ዳገቱ አይታወቀኝም። ችግር አለው?

ችግሩ እሱ ነው፤ አለመታወቁ። ጫት የልብ ምትና የደም ግፊት ይጨምራል፤ ረሃብና ድካም ይደብቃል፤ እንቅልፍ ይነሳል። ድሬ ሙቀት ላይ ደግሞ ድካም የማይሰማው ሰው መቆም ያለበትን ሰዓት ያልፋል። ለመወዳደር የምታስቢ ከሆነ ሌላም ነገር አለ፤ ጫት ውስጥ ያለው ካቲን ከተወሰነ መጠን በላይ ሽንት ውስጥ ከተገኘ በውድድር ወቅት የተከለከለ ነው። የምርቃና ሩጫ አልወድም። ጨርሻለሁ።

እህቴ ብስክሌት ትወዳለች። ደንገጎን ልውጣ ትላለች። ወንድሟ ነኝ፣ ልከልክላት?

አመሰግናለሁ፣ ቢያንስ ጠየቅክ። ድሬ እኮ የብስክሌት አገር ናት። አባቶቻችን ከከዚራ መጋላ በብስክሌት ሲመላለሱ ነው ያደግነው። ሴት ልጅ ኮርቻ ላይ ስትወጣ ብቻ ነገር የሚሆነው ለምንድነው?

ከድሬ ወደ ሐረማያ የሚያወጣው የደንገጎ ዳገት ግን ቀልድ አይደለም። ድሬ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ሐረማያ ደግሞ 2,000 ገደማ። ይሄን ሁሉ ከፍታ በጥቂት ኪሎ ሜትር ነው የምትወጣው፤ መታጠፊያው ደግሞ ብዙ ነው። መውጣቱ ያደክማል እንጂ አይገድልም። የሚያስፈራው ቁልቁለቱ ነው። ፍሬን ይዛ እንዳትወርድ፤ ይግላል። ያዝ ለቀቅ ታድርገው፣ የፊቱንና የኋላውን እያፈራረቀች። የጫት መኪና ደግሞ ለማንም አይቆምም። ስለዚህ ቀላል ማርሽ፣ የራስ ቁር፣ ደማቅ ልብስ፣ ጠዋት ገና ሳይሞቅ፣ ከሁለት ሰው ጋር። ሦስተኛው ሰው አንተ ሁን።

ከትግራይ የተነሳችው ብስክሌተኛ እየሩ ገብሩ እ.ኤ.አ. በ2024 ፓሪስ ኦሎምፒክ ላይ የተወዳደረችው በስደተኞች ቡድን ስም ነው። ከአገሯ ተሰዳ ፈረንሳይ ገብታ። ለእህትህ ንገራት፣ ደስ ይላታል።

ሂጃብ አድርጌ መሮጥ እችላለሁ? ረመዳንስ?

ትችያለሽ። ጥጥ ላብ ይዞ ይከብዳል፤ ስስና ቶሎ የሚደርቅ ጨርቅ ይሻላል። ገበያው ላይ ሜትር ገዝተሽ ልክሽን አሰፊ፣ ይረክሳል። በረመዳን ብዙዎቹ ልጆቼ ከኢፍጣር በፊት ባለው ሰዓት በቀስታ ይሮጣሉ፤ ስትጨርሺ ውሃው ከፊትሽ ነው። ከበድ ያለውን ከተራዊህ በኋላ።

ጅቡስ? ሐረር ነው የምኖረው።

ጅቡ እኮ ጎረቤትሽ ነው፤ አንቺን ንቆሽ ያልፋል። እኔ የምፈራው ውሻና ባጃጅ ነው። ብቻሽን በጨለማ ግን አትውጪ፣ ለጅቡ ብዬ አይደለም።

የጡት ካንሰር ታክሜ ጨርሻለሁ። 41 ዓመቴ ነው። አሁን ስፖርት መጀመር እብደት ነው ወይ?

ሣራ ቶማስ የምትባል አሜሪካዊት ዋናተኛ አለች። የጡት ካንሰር ሕክምናዋን በጨረሰች በዓመቷ፣ እ.ኤ.አ. በ2019፣ በእንግሊዝና በፈረንሳይ መካከል ያለውን ባሕር ሳታርፍ አራት ጊዜ ዋኘችው። ከእሷ በፊት ማንም ያላደረገው ነው። ከ54 ሰዓት በላይ ውሃ ውስጥ ቆየች። ደራርቱ ቱሉም ሰው «አበቃላት» ሲል እ.ኤ.አ. በ2009 በ37 ዓመቷ ኒው ዮርክ ማራቶንን አሸነፈች።

ይሄን የነገርኩሽ ባሕር እንድትሻገሪ አይደለም። መጀመሪያ ሐኪምሽን ጠይቂ። በታከመው ጎን ያለው ክንድሽ ካበጠ ወይም ከከበደሽ ሳታሳይ አትቀጥዪ። ከዚያ ሐረር ያለውን የጁገል ግንብ በውጭ በኩል ዙሪው። ከሦስት ኪሎ ሜትር ትንሽ ቢበልጥ ነው። አንድ በር ደርሰሽ ከደከመሽ እዚያው ገብተሽ ሻይ ጠጥተሽ ተመለሺ። በሚቀጥለው ሳምንት ሁለት በር።

ከፊራ ገበያ ነው የምሸጠው። ሌሊት 10 ሰዓት ተነስቼ እሸከማለሁ፣ ስቆም እውላለሁ። ሰው ጠንካራ ሴት ይለኛል። ለምንድነው ደግሞ በራሴ ጊዜ ሮጬ የምደክመው?

ፌስታሉ ውስጥ ካለው ሁሉ በዚህኛው ነው ሁለት ቀን የቆየሁት።

እኔ «ጠንካራ ሴት» የሚለውን ቃል አልወደውም። ብዙ ጊዜ «ትንሽ ጨምሪ፣ አትወድቂም» ማለት ነው። አንቺ ጽናት አጥተሽ አይደለም። ጽናትማ ሞልቶሻል። የምትሸከሚውን ግን አንቺ አልመረጥሽውም። ዛሬ ደከመኝ ብለሽ ብታስቀምጪው ልጆችሽ ምን ይበላሉ?

ሩጫው ላይ የጀመርሽው አንቺ ነሽ፤ የምታቆሚውም አንቺ ነሽ። መብራት እንጨቱ ጋ ደርሰሽ «በቃኝ» ስትዪ በቃ፤ የሚቆጣሽ የለም። እኔ ከጎርፉ በኋላ ያጣሁት ይሄንን ነበር፤ በቃኝ ማለትን። ነገሩ የገባኝ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው።

ያም ሆኖ እውነቱን ልንገርሽ። ቀኑን ሙሉ የምትሸከሚ ከሆነ እግርሽ ሩጫ ላይፈልግ ይችላል። እሁድ ነይና ግማሽ ሰዓት እጅሽን አወናጭፈሽ፣ ምንም ሳትይዢ፣ በእግርሽ ሂጂ። ምንም ሳትይዢ ያልኩትን ልብ በይ። ድካሙ አርፈሽ፣ ተኝተሽም ካልለቀቀሽ ደግሞ የደም ማነስ ምርመራ አድርጊ። ከምግብ ጋር ሻይና ቡና አታድርጊ፤ ብረቱን ያስቀሩብሻል። ምስር ወጡ ላይ ሎሚ ጭመቂበት።

ባሌ ይመታኛል። ስሮጥ ይቀለኛል። መሮጥ ልቀጥል?

ቢቀልሽ ቀጥዪ። ግን እንደ መፍትሔ አትቁጠሪው። ሩጫ የሚመታን እጅ አይዝም። እኔ ከጎርፍ ነው የሸሸሁት፤ ጎርፉ አልፎ ነበር። ያንቺ ግን ስትመለሺ ቤት ይጠብቅሻል።

የምታምኚያት አንዲት ሴት ዛሬውኑ ትወቅ። የልጆቹን የልደት ወረቀትና መታወቂያሽን እሷ ጋ አስቀምጪ። ከተመታሽ ጤና ተቋም ሄደሽ ጉዳቱ እንዲመዘገብ አድርጊ። ፖሊስ ጣቢያ የሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ የሚያይ ክፍል አለ፤ ብቻሽን መግባት ከከበደሽ እኔ አብሬሽ እገባለሁ። «ለልጆችሽ ስትዪ ቻዪው» የሚሉሽ አሉ፣ አውቃለሁ። እኔ አልልሽም። ወረቀቱን ያመጣችልኝን ልጅ ጠይቂያት፣ ቤቴን ታውቀዋለች። በማንኛውም ሰዓት።

የት ነው የምትገናኙት? ጫማ የለኝም።

ቅዳሜ፣ ሌሊት 11 ሰዓት ተኩል፣ ከዚራ ባቡር ጣቢያው ፊት ለፊት። ዛፎቹ ሥር። ክፍያ የለውም። ጫማ ሰልባጅ ይበቃል፤ ከፊቱ አውራ ጣት የሚያህል ቦታ ይኑረው፤ ሶሉ ግን ያለቀ እንዳይሆን። ቁጥር 38 የሆነች ካለች ቤቴ አንድ ትርፍ ጥንድ አለ፤ ግራው ትንሽ ይጠባል።