ጋዙ «ይፈላል» ወይስ «ይተናል»?

ጥያቄ፦ የፍሪጅ ጥገና አስተምራለሁ። ስለ ኢቫፖሬተር፣ ማለትም ከፍሪጁ ውስጥ ሙቀት ስለሚስበው ክፍል፣ በማስተማሪያ ጽሑፌ «ጋዙ በኢቫፖሬተሩ ቧንቧ ውስጥ ይፈላል» ብዬ ብጽፍ ባልደረቦቼ «ከዜሮ በታች የሚፈላ ነገር የለም፤ ይተናል በል» አሉኝ። የቱ ነው ትክክሉ?

መልስ፦ «ይፈላል» ልክ ነው፤ እንዳይሰርዙት። ፈላ ከግዕዙ ፈልሐ የመጣ ነው። ሰምዐ ሰማ፣ በልዐ በላ እንደሆነ ሁሉ ሐም ስትጠፋ ልን ላ አድርጋ ሄደች። ቃሉ የሚነግረን ስለ ትኩሳት ሳይሆን ከውስጥ ተገፍቶ ስለ መውጣት ነው። እሳት ያልነካው ጠጅ ይፈላል፤ ጉንዳንም ከመሬት ይፈላል። አር-134ኤ የተባለው የፍሪጅ ጋዝ ደግሞ በባሕር ወለል ግፊት ከዜሮ በታች 26 ዲግሪ ላይ ይፈላል።

ተነነ የገጽ ቃል ነው። የተሰጣ ልብስ ውሃው ይተናል፤ አረፋ የለውም። «ፈላ የማድቤት ቃል ነው፤ ለሳይንስ ትነት ይበቃል» የሚሉ አሉ። አልቀበላቸውም፤ ቧንቧው ራሱ ሁለቱንም ቃላት ይፈልጋልና። ጋዙ ፈሳሽ ሆኖ እንደገባ ከእሱ በሚሞቀው የቧንቧው ግድግዳ ላይ ካሉ ጥቃቅን ጭረቶች አረፋ ይነሣል፤ ይህ መፍላት ነው። ፈቀቅ ሲል እንፋሎቱ በዝቶ መሐሉን ይይዛል፤ ፈሳሹ ግድግዳውን የለበሰ ስስ ሽፋን ብቻ ይሆናል። ሽፋኑ ሙቀቱን ቶሎ ስለሚያሳልፍ ግድግዳው አረፋ ለማስነሣት የሚበቃ ሙቀት አያጠራቅምም። ፈሳሹም ያለ አረፋ ከገጹ ይተናል። ሽፋኑ ሲያልቅ ግድግዳው ይደርቃል፤ ሙቀት የማስተላለፍ አቅሙ በአንድ ጊዜ ይወድቃል። ሁሉን «ትነት» ያለ ሰው ይህን ለውጥ በምን ቃል ሊያስተምር ነው?

በድብልቅ ጋዝ ላይ የበለጠ ይጠንቀቁ። አር-407ሲ የሦስት ጋዞች ድብልቅ ስለሆነ «የመፍላት ነጥቡ» ማለት ያሳስታል። ቶሎ የሚተኑት ቀድመው ሲወጡ የቀረው ለመፍላት ከፍ ያለ ሙቀት ይጠይቃል፤ ግፊቱ ሳይለወጥ ከመጀመሪያው አረፋ እስከ መጨረሻው ጠብታ 7 ዲግሪ ያህል ልዩነት አለ። ስለዚህ «መፍላት የሚጀምርበት» እና «ተንኖ የሚያልቅበት» ብለው ሁለት ቁጥር ይጻፉ። ተማሪዎችዎም ከሲሊንደሩ በፈሳሽነቱ ይሙሉት፤ በእንፋሎትነቱ ከሞሉት ቶሎ የሚተኑት አብዝተው ይገቡና ድብልቁ ይዛባል።

ኢቫፖሬተርን «ማፍያ» ማለት ደስ ይለኝ ነበር። ነገር ግን ማፍያ ሲባል ሰው የሚታየው ጀበና ነው፤ ጠጋኙም ኢቫፖሬተር ብሎ ጨርሷል። ስሙ ይቅርለት፤ ግሡን ግን አልለቅም።