ይሄ ርዕስ እንጀራ ይሆነኛል?

እህቴ፣ ጥያቄሽን ባጭሩ ላስቀምጠው። የሜካኒካል ምህንድስና የማስተርስ ተማሪ ነሽ። አማካሪሽ ካርቦን ፋይበር ኮምፖዚት (በሬዚን፣ ማለትም በሚጠነክር ሙጫ፣ የተያያዘ የካርቦን ክር) ውስጥ የኦፕቲካል ፋይበር ሴንሰር (ብርሃን በሚያሳልፍ ቀጭን የመስታወት ክር የሚለካ) ቀብረሽ እንድታጠኚ ሐሳብ አቀረበልሽ። አንቺ ደግሞ «በጣም ጠባብ ነው፣ ተመርቄ ሥራ ፈት እሆናለሁ» ብለሽ ሰጋሽ።

ስጋትሽ ግማሹ ልክ ነው። «የፋይበር ሴንሰር ባለሙያ እንፈልጋለን» የሚል ማስታወቂያ እንደ ልብ አይገኝም። ግን ቀጣሪ የሚፈልገው ቁጥሩን አይቶ «ይሄ እውነት፣ ይሄ ውሸት» የሚለውን ሰው ነው።

ብራግ ግሬቲንግ የሚባለውን ሴንሰር ውሰጂ። ከሚላክለት ብርሃን አንዲት ቀጭን የሞገድ ርዝመት ብቻ መርጦ ይመልሳል። ፋይበሩ ሲሳብ ያቺ ርዝመት ትጨምራለች። 1550 ናኖሜትር አካባቢ ለአንድ ማይክሮስትሬን (የርዝመቱን አንድ ሚሊዮንኛ ያህል መሳብ) 1.2 ፒኮሜትር (የናኖሜትር ሺኛ) ገደማ ነው። ሙቀትም ያንኑ ያደርጋል፤ በአንድ ዲግሪ ሴልሺየስ 10 ፒኮሜትር ያህል። እንግዲህ ክፍሉ በአንድ ዲግሪ ቢሞቅ፣ ማንም ያልነካው ባዶ ፋይበር 8 ማይክሮስትሬን የተሳበ ይመስላል። ስንት ያማረ ግራፍ በዚህ ገደል ገብቷል! ሙቀቱን ለይተሽ መቀነስ ከቻልሽ፣ ያ ችሎታ በአውሮፕላን አካል፣ በነፋስ ተርባይን ክንፍ፣ በድልድይም ላይ ያው ነው።

ሌላው የእጅ ሥራው ነው። የካርቦን ክር ውፍረት ከ5 እስከ 7 ማይክሮን ነው። ኦፕቲካል ፋይበሩ ግን ያለ ሽፋኑ 125። ከክሮቹ አቅጣጫ ጋር ካላስተኛሽው ዙሪያው የዓይን ቅርጽ ያለው የሬዚን ኪስ ይፈጠራል። ጉዳት ይጠቁማል የተባለው ሴንሰር ራሱ ጉዳት ያመጣል ማለት ነው። ሽፋኑንም ቀድመሽ ምረጪ፤ በ180 ዲግሪ ሙቀት በስሎ ለሚጠነክር የኮምፖዚት ሰሌዳ ተራው የፕላስቲክ ሽፋን አክሪሌት አይሆንም፣ ሙቀት የሚችለው ፖሊይሚድ ይሻላል። ከሁሉ የሚያናድደው ደግሞ ፋይበሩ ከሰሌዳው የሚወጣበት ጠርዝ ነው። እዚያ ጋ ቀጭ ካለ የወራት ልፋት አለቀ።

ሲቪሽ ላይ ታዲያ የመመረቂያ ርዕስሽን ብቻ አትጻፊ። ስንት ሴንሰር ቀበርሽ? ከማብሰያው ስንቱ በሕይወት ወጣ? የሞቱት ለምን ሞቱ? ቃለ መጠይቅ ላይ ስለ ሞቱት በደንብ የሚያወራ ሰው ይታመናል። ፋይበር መበየድ (ሁለት የመስታወት ክሮችን አቅልጦ ማጋጠም) የቴሌኮም ሥራም ስለሆነ እሱንም ለብቻው ጻፊው።

እሺ ከማለትሽ በፊት ግን አማካሪሽን አንድ ነገር ጠይቂ፦ «መበየጃውንና መለኪያውን ራሴ እሠራበታለሁ ወይስ ሌላ ሰው ሠርቶ ዳታውን ይልክልኛል?» መልሱ ሁለተኛው ከሆነ ሌላ ርዕስ ፈልጊ።