ሰዋስውና ቃላት ይዞ መነጋገር ለተሳነው ተማሪ

ጠያቂያችን፣ ሦስት ዓመት ሙሉ ሰዋስው እንዳጠኑ፣ ጥቂት ሺህ ቃላትም እንደያዙ፣ ባለቋንቋዎቹ ሲያናግሩዎት ግን ንግግሩ እንደሚያመልጥዎትና አፍዎ እንደሚተሳሰር ገልጸው «ምን ቀረኝ?» ብለው ጠይቀዋል። እኔም በጎልማሳነቴ ፈረንሳይኛ ስማር እዚያው ላይ ቆሜ ነበር፤ ኋላም ለዓመታት ጀማሪዎችን ሳስተምር ያው ችግር በየክፍሉ ገጥሞኛል። በዚያን ጊዜ መንገድ ያሳየኝ አንድ ትንሽ ማስታወሻ ደብተር ነው። ለሁለት ሳምንት ያህል በንግግር መካከል በተደናቀፍኩ ቁጥር ምክንያቱን እጽፍ ነበር። ስቆጥራቸው ከሠላሳ ከማያንሱት መደናቀፎች ውስጥ በማላውቀው ቃል ምክንያት የመጡት ስድስት ብቻ ሆነው አገኘኋቸው። የቀሩት የማውቃቸውን ቃላት በጆሮዬ ካለመለየቴ፣ መልሴን አሰናድቼ እስክጨርስ ወሬው ጥሎኝ ከመሄዱ፣ ወይም ግር ሲለኝ ዝም ከማለቴ የመጡ ነበሩ።

አስቀድሜ የማነሣው ጆሮን ነው፤ ተማሪዎች በብዛት የሚዘነጉት እርሱን ነውና። ቃልን በዓይን ማወቅና በጆሮ ማወቅ የተለያዩ ናቸው። በፈረንሳይኛ «አላውቅም» ለማለት በጽሑፍ «ዠ ነ ሴ ፓ» የሚሉ አራት ቃላት ይሰለፋሉ፤ በፈጣን ንግግር ውስጥ ግን ብዙ ጊዜ የሚሰማው «ሼፓ» ብቻ ነው። አራቱንም ቃላት ከመጀመሪያው ወር ጀምሮ ባውቃቸውም፣ «ሼፓ»ን ስሰማ አዲስ ቃል መስሎኝ በመዝገበ ቃላት ውስጥ ስፈልገው ኖሬያለሁ። ሥራ እየሠሩ የድምፅ ቅጂን ለሰዓታት ከፍቶ መተው በስፋት ቢመከርም፣ በእኔም ሆነ በተማሪዎቼ ላይ ያመጣውን ለውጥ አላየሁም። የጠቀመኝ የአንድ ደቂቃ ቅጂ መርጦ፣ ጽሑፉን ሳያዩ ደጋግሞ አዳምጦ፣ የሰሙትን በወረቀት ካሰፈሩ በኋላ ከትክክለኛው ጽሑፍ ጋር ማስተያየትና የሳቱትን ቦታ እንደገና መስማት ነው። በቀን ሃያ ደቂቃ ይበቃል፤ ፍሬው ግን ወራት ይወስዳል።

ሁለተኛው የጊዜ ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 በታተመ፣ አሥር ቋንቋዎችን ባነጻጸረ ጥናት፣ በጥያቄና በመልስ መካከል ያለው ክፍተት በአማካይ ወደ 200 ሚሊሰከንድ፣ ማለትም የሰከንድ አንድ አምስተኛ ገደማ ሆኖ ተገኝቷል። አንድን ሥዕል ዓይቶ ስሙን ለመጥራት ግን በገዛ ቋንቋችን እንኳ 600 ሚሊሰከንድ ያህል ያስፈልጋል። ስለዚህ ተነጋጋሪ ሁሉ መልሱን የሚያሰናዳው ሌላው ገና እየተናገረ ሳለ ነው፤ ንግግሩ እስኪያልቅ ጠብቆ ከዚያ በኋላ ግሥ ማርባት የሚጀምር ተማሪ ምንጊዜም ዘግይቶ ይደርሳል። ለዚህ ሁለት ነገሮች ይረዳሉ። አንደኛው እንደ «እስቲ ላስብበት» ወይም «እንዴት ልበልዎት» ያሉ ጊዜ የሚያስገኙ አባባሎችን ሳይበታትኑ እንዳሉ መያዝ ነው። ሌላው ስለ አንድ ጉዳይ በመጀመሪያ ለአራት ደቂቃ፣ ከዚያ ያንኑ በሦስት፣ በመጨረሻም በሁለት ደቂቃ ለተለያዩ ሰዎች መናገር ነው። ይህን ልምምድ ሳሠራ፣ በመጀመሪያው ዙር በየቃሉ ይቆሙ የነበሩ ተማሪዎች በሦስተኛው ዙር ዓረፍተ ነገር ሲጨርሱ ማየት እስከ ዛሬ ደስ ያሰኘኛል።

መደናቀፍ ግን ፈጽሞ አይቀርም፤ ከመደናቀፍ መነሣትም ራሱን የቻለ ችሎታ ነው። የቋንቋ ትምህርት ተመራማሪዎቹ ማይክል ካናል እና ሜሪል ስዌይን እ.ኤ.አ. በ1980 የመግባባት ችሎታን ሲተነትኑ፣ ከሰዋስው ዕውቀትና ከማኅበራዊ አጠቃቀም ጎን ሦስተኛ አድርገው ያስቀመጡት ይህንኑ የማቃናት ብልሃት ነው። «አልገባኝም» ብቻ ሲባል ተናጋሪው ሁሉንም ለመድገም ይገደዳል፤ «ስብሰባው ረቡዕ ነው ያሉኝ ወይስ ሐሙስ?» ያለ ተማሪ ግን የጎደለውን ብቻ ይጠይቃል፣ የቀረውን እንደተረዳም ያሳያል። ጃንጥላ የሚለው ቃል ቢጠፋበትም «ዝናብ ሲመጣ ከራሳችን በላይ የምንዘረጋው» ብሎ ያልፋል። የማስተምራቸውን ሰዎች ቃል እያወቁም ቢሆን ሳይጠሩት እንዲገልጹት አስገድዳቸው የነበረው ለዚህ ነው።

ስለ አክብሮት አጠራር በአጭሩ ልናገር። አማርኛ ተናጋሪ አንተንና እርስዎን ለይቶ ስላደገ የፈረንሳይኛው «ቱ» እና «ቩ» ቀላል ይመስለዋል፤ ሆኖም የሁለቱ ቋንቋዎች ድንበር አንድ ቦታ ላይ አያልፍም። እኔ ከእኩዮቼ የለመድኩትን «ቱ» በማላውቃቸው ትልቅ ሰው ላይ ተጠቅሜ ፊታቸው ሲለወጥ አይቻለሁ፤ ዓረፍተ ነገሬ ግን አንድም የሰዋስው ስሕተት አልነበረበትም። ባለቋንቋዎቹ ማን ማንን እንዴት እንደሚጠራ ማስተዋል ያስፈልጋል።

ስለዚህ ተጨማሪ የቃላት ዝርዝር ከመያዝዎ በፊት ለሁለት ሳምንት የመደናቀፊያ ማስታወሻ ይያዙ፤ በየመስመሩም ቃል፣ ጆሮ፣ ጊዜ ወይም ዝምታ ብለው ይመድቡ። ከአራቱ የበዛው የትኛው እንደሆነ ሲታወቅ የጥናት ጊዜዎን ግማሽ ለእርሱ ይስጡት።